በላሊበላና በፍላቂት አልጋ ለሚይዝ ተጓዥ፦ የመድረሻ ሰዓትና የክፍል ምርጫ

አንዱ ተጓዥ ከሆቴል ክፍል ጸጥታን ይፈልጋል፤ ሌላው ሸለቆውን የሚያሳይ መስኮት ይመርጣል፤ አረጋዊት እናቱን ይዞ የሚጓዘው ደግሞ ደረጃ የማያስወጣ ምድር ቤት ያስፈልገዋል። ላሊበላና ፍላቂት የሚገኙበት የላስታና የመቄት ደጋ የአልጋ ቁጥር የተወሰነበት፣ የመድረሻ ሰዓትም ከተጓዡ ፈቃድ ይልቅ በአውሮፕላኑ መርሐ ግብርና በአውቶቡሱ አካሄድ የሚወሰንበት አገር በመሆኑ፣ እነዚህ ፍላጎቶች የሚሟሉት ቀድሞ ለደረሰ ነው ወይስ ቀድሞ ለተነጋገረ የሚለው ጥያቄ ተግባራዊ መልስ ይሻል። መልሱም ባጭሩ የመድረሻ ሰዓት ዋጋ እንዳለው፣ ነገር ግን የሚያስመርጠው ለሌላ ሰው ቃል ካልተገባባቸው ክፍሎች መካከል ብቻ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ተጓዡ የግድ የሚያስፈልገውን ነገር አስቀድሞ በስምምነት መያዝ፣ ቢገኝ ደስ የሚያሰኘውን ደግሞ በጥሩ ሰዓት በመድረስ መፈለግ ይኖርበታል። ቀጥለው የሚቀርቡት ሰባት ደረጃዎች ይህን አሠራር በቅደም ተከተል ያሳያሉ።

ክፍል የሚደለደልበት መንገድ

ደረጃዎቹን ለመረዳት በሆቴል ሥራ ውስጥ ምዝገባና ድልደላ የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ምዝገባ ማለት ለአንድ እንግዳ በተወሰነ ቀንና ዋጋ የተወሰነ ዓይነት ክፍል፣ ለምሳሌ ባለ አንድ አልጋ ወይም ባለ ሁለት አልጋ፣ እንደሚሰጠው ቃል መግባት ነው። ድልደላ ግን ለዚያ ምዝገባ ቁጥሩ የሚታወቅ አንድ ክፍል መለየት ሲሆን፣ ምዝገባው ከሳምንታት በፊት ቢጠናቀቅም ድልደላው ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው እንግዳው በሚገባበት ዕለት ጠዋት ነው። በዚያን ሰዓት የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ የሚወጡትን፣ የሚቆዩትንና የሚገቡትን እንግዶች ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ በመመልከት፣ በመጀመሪያ በአስጎብኚ ድርጅት በኩል ለመጡ ቡድኖች፣ ቀጥሎ ለነባር ደንበኞችና ጥያቄያቸውን አስቀድመው ላስመዘገቡ እንግዶች ክፍል ይመድባል፤ የቀረውን ደግሞ በመጡበት ቅደም ተከተል ይሰጣል። የመድረሻ ሰዓት ኃይል ያለው በዚህ የመጨረሻ እርከን ላይ ነው።

በፍላቂት፣ በጋሸናና በመሰል የመንገድ ዳር ከተሞች ባሉት አነስተኛ አልጋ ቤቶች ግን አሠራሩ ከዚህ ይለያል። በእነዚህ ቤቶች ምዝገባና ድልደላ በአንድ ጊዜ የሚፈጸሙ በመሆናቸው፣ እንግዳው መታወቂያውን አሳይቶና ስሙን በመዝገብ አስጽፎ ሒሳቡን እንደከፈለ፣ በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ከተንጠለጠሉት ቁልፎች አንዱ ይሰጠዋል፤ ሰሌዳው ላይ የቀረው ቁልፍ ብዛትም የቀረው ምርጫ ልክ ነው። ከዚህ የተነሣ የመድረሻ ሰዓት በትልቁ ሆቴል ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ በአልጋ ቤት ግን ዋነኛው ምክንያት ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ምርጫን በሦስት መክፈል

ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ፍላጎቶቹን በወረቀት ጽፎ በሦስት ቢከፍላቸው ይጠቀማል። የመጀመሪያው ምድብ የግድ የሚያስፈልገው ነው፤ ለጉልበት ሕመምተኛ ምድር ቤት፣ ለቤተሰብ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች፣ ለሁለት ጓደኛሞች ሁለት የተለያዩ አልጋዎች፣ ሕፃን ለያዘች እናት የሞቀ ውሃ ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ምድብ ቢገኝ ደስ የሚያሰኘው ሲሆን፣ የመስኮቱ አቅጣጫ፣ በረንዳና የፎቁ ከፍታ በዚህ ይጠቃለላሉ። ሦስተኛው ከሆቴሉ ይልቅ በቦታው የሚወሰነው ነው፤ ለምሳሌ ለሌሊቱ ማኅሌት ተነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ምዕመን ቅርበትን ሲመርጥ፣ ረጅም እንቅልፍ የሚሻ መንገደኛ ደግሞ ራቅ ያለውን ሰፈር ይመርጣል፤ ይህም የሚፈታው ሆቴሉን በመምረጥ እንጂ ቀድሞ በመድረስ አይደለም።

በላስታና በመቄት ደጋ ከነዚህ ሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት ብርዱ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የመቄት አምባ ደግሞ ከዚያም ስለሚበልጥ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ወቅት ፀሐይ የሚያገኝ፣ መስኮቱ በደንብ የሚገጥምና በቂ ብርድ ልብስ ያለው ክፍል ከማንኛውም ውብ እይታ ይበልጣል። ስለዚህ ከቆላ የሚመጣ ተጓዥ ሙቀትን በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ቢያስገባው ይሻላል።

ደረጃ 2፦ የሚያርፍበትን ቀን ጠባይ መለየት

ቀጥሎ የሚጠየቀው ያ ቀን ተራ ቀን ነው ወይስ የበዓል ቀን የሚለው ነው። በተራ ቀን ባዶ ክፍል ስለሚኖር የመድረሻ ሰዓት ምርጫን ያሰፋል፤ በበዓል ዋዜማ ግን ክፍሉ ሁሉ አስቀድሞ የተያዘ ስለሆነ በማለዳ መድረስ የሚያስገኘው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው።

በላሊበላ ይህ ልዩነት ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። በዓለም ቅርስነት በ1978 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለምና የቤዛ ኩሉን የዝማሬ ሥርዓት በቤተ ማርያም ለመካፈል በየዓመቱ በልደት በዓል የሚሰበሰበው ምዕመን ከከተማይቱ አልጋዎች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ብዙው ሕዝብ በእግሩ ተጉዞ የሚደርስ ሲሆን፣ በድንኳን፣ በዐውደ ምሕረት ዙሪያና በነዋሪው ቤት ያርፋል፤ የከተማይቱ ሰዎችም የመንገደኛውን እግር አጥበው የመቀበል ልማዳቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። ለዚህ በዓል የሆቴል ክፍል የሚፈልግ ሰው ከወራት በፊት መነጋገር ይኖርበታል። ከልደት ሌላ ጥምቀት፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበረው የልጃገረዶች በዓል አሸንድዬ፣ እንዲሁም ሰኔ 12 የሚውለው የቅዱስ ላሊበላ መታሰቢያ በተመሳሳይ ጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል።

የቀን አቆጣጠሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልደት በተለምዶ ታኅሣሥ 29 ሲከበር፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። በኢንተርኔት አልጋ የሚይዝ ሰው የሚያየው የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ፣ ሁለቱን አቆጣጠሮች ካላመሳከረ ክፍሉን ከበዓሉ አንድ ሌሊት አሳልፎ ወይም አስቀድሞ ሊይዝ ይችላል።

በፍላቂት ደግሞ አልጋ የሚሞላው በሌላ ምክንያት ነው። ከተማይቱ የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ እንደመሆኗ፣ የወረዳ ስብሰባ ወይም ሥልጠና ሲኖር በውሎ አበል የሚመጡት ሠራተኞች የተሻሉትን ክፍሎች ለቀናት ይይዛሉ፤ በገበያ ቀንም ነጋዴው ይጨመርበታል። ተጓዡ ሲደውል አልጋ መኖር አለመኖሩን ከመጠየቅ አልፎ በዚያ ሳምንት ስብሰባ እንዳለ ቢያጣራ የተሟላ መልስ ያገኛል።

ደረጃ 3፦ የግድ የሚያስፈልገውን ወደ ስምምነት መለወጥ

በኢንተርኔት መመዝገቢያ ገጾች ላይ “ልዩ ጥያቄ” በሚለው ቦታ የሚጻፍ ምኞት ሆቴሉን አያስገድደውም፤ ገጾቹ ራሳቸው ጥያቄው የሚፈጸመው ሁኔታው ሲፈቅድ መሆኑን ይገልጻሉ። ስለዚህ ተጓዡ በመጀመሪያው ምድብ ያስገባውን ፍላጎት ለሆቴሉ ራሱ ደውሎ ማስረዳት፣ ምክንያቱንም መጨመር አለበት። “ምድር ቤት ይመረጣል” ከሚል ቃል ይልቅ “እናቴ ደረጃ መውጣት አይችሉም” የሚል ቃል ለእንግዳ ተቀባዩ ክፍሉን ለሌላ እንዳይሰጥ ግልጽ ምክንያት ይሆነዋል። ከንግግሩ በኋላም ቀኑን፣ የክፍሉን ዓይነት፣ ዋጋውን፣ ጥያቄውንና የመድረሻ ሰዓቱን የያዘ አጭር መልእክት በስልክ መላክና ማረጋገጫ መቀበል ይበጃል፤ ምክንያቱም ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ እንግዳው በሚደርስበት ሰዓት ተረኛ ላይሆን ይችላል።

ስምምነቱን የሚያጸናው ቀብድ ነው። በዓለም የሆቴል ሥራ ዋስትና ያለው ምዝገባ የሚባለው ሒሳቡ በከፊል ወይም በሙሉ አስቀድሞ የተከፈለበት ሲሆን፣ ክፍሉ እንግዳው በሌሊት ቢደርስም ይጠበቅለታል፤ ያልተከፈለበት ምዝገባ ግን በቆየ ልማድ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ተይዞ ከዚያ በኋላ ለሌላ እንግዳ ሊሰጥ ይችላል። በትናንሾቹ ከተሞችም የአልጋ ቤት ባለቤት ለሚያውቀው ደንበኛ በቃል ብቻ አልጋ ሊያቆይ ቢችልም፣ ለማያውቀው ሰው የሚያቆየው በቴሌብር ወይም በባንክ ቀብድ ሲደርሰው ነው። ተጓዡ የላከበትን ማስረጃ በስልኩ ማስቀመጥና ቢቀር ቀብዱ ይመለስ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

በመቄት ገደል አፋፍ ላይ ተስፋ በሚለው ስም በሚታወቀው ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋሙት የማኅበረሰብ ማረፊያዎች ለዚህ ደረጃ ዋና ምሳሌ ናቸው። ማረፊያዎቹ በየመንደሩ ሰዎች የሚተዳደሩ ጥቂት ጎጆዎች በመሆናቸው፣ ምግቡ፣ አልጋውና ዕቃ የሚጭነው አህያ የሚዘጋጀው እንግዳ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሲነገር ነው፤ ሳይናገር የደረሰ ሰው በጠዋትም ቢመጣ ዝግጅት አያገኝም። በእነዚህ ማረፊያዎች ሰዓት የሚጠቅመው መንገዱ በገደል ጫፍ ስለሚያልፍ ሳይመሽ ለመድረስ እንጂ ጎጆ ለማስመረጥ አይደለም።

ደረጃ 4፦ የመድረሻ ሰዓትን ከመንገዱ ጋር ማስማማት

በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተጓዥ አንድ ሰዓት ያህል በርሮ በተለምዶ ከቀትር በፊት ያርፋል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ዳገት ሲወጣም ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ ሆቴሉ በር ላይ ይደርሳል። በዚያን ሰዓት የቀደመው እንግዳ ገና ያልወጣ በመሆኑ ክፍሉ ወዲያው ላይሰጠው ይችላል፤ ሆኖም ስሙ በዕለቱ ድልደላ ቀድሞ የሚታይበት ሰዓት ይኸው ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ለጎብኚ በተለምዶ እኩለ ቀን ላይ ተዘግተው ከቀትር በኋላ ስለሚከፈቱ፣ ተጓዡ ሻንጣውን አስቀምጦና ምርጫውን አስመዝግቦ እነቤተ መድኃኔ ዓለም ወዳሉበት ምድብ ቢሄድ፣ ለምሳ ሲመለስ የሚወጡት እንግዶች ወጥተው፣ ክፍሎቹም እየጸዱ ይደርሳል።

በየብስ ለሚመጣው ግን ስሌቱ ይለያል። ከአዲስ አበባ እስከ ወልዲያ ያለው መንገድ ብቻ ወደ 520 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ ጎህ ሳይቀድ የተነሡት አውቶቡሶች በደሴ ወይም በወልዲያ መናኸሪያ በተቀራረበ ሰዓት፣ ማታ ላይ ይደርሳሉ፤ ተሳፋሪውም ሁሉ በአንድ ጊዜ አልጋ ፍለጋ ይወጣል። እንዲህ ባለ ሰዓት የግማሽ ሰዓት መቅደም ባለ ሻወር ክፍል በማግኘትና የጋራ መታጠቢያ ባለው በማደር መካከል ያለውን ልዩነት ሊወስን ስለሚችል፣ በቡድን የሚጓዙ ሰዎች አንዱ ከጣሪያ ሻንጣ ሲያስወርድ ሌላው ቀድሞ አልጋ እንዲይዝ ሥራ ቢከፋፈሉ መልካም ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ላሊበላ ለሚጓዝ ሰው ፍላቂት ጠቃሚ ማረፊያ ትሆናለች። ከፍላቂት ቀጥሎ ከሚገኘው ከጋሸና መገንጠያ እስከ ላሊበላ ገና 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራማ መንገድ ይቀራል። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ፍላቂት የደረሰ ተጓዥ በጨለማ ከመጓዝ ይልቅ እዚያው ገና በብርሃን ክፍል መርጦ ቢያድርና በማለዳ ቢቀጥል፣ በፍላቂት ከማታው መንገደኛ ቀድሞ፣ በላሊበላም ከቀትር በፊት ደርሶ በሁለቱም ቦታ የተሻለ ምርጫ ያገኛል። ይህን ሲወስን ለላሊበላው ሆቴል መደወል ግዴታው ነው፤ ካልደወለ ሳይመጣ እንደቀረ ሊቆጠርና ምዝገባው ሊሰረዝበት ይችላል።

በአማራ ክልል ባለው የጸጥታ ሁኔታ መንገድ የሚዘጋበትና በረራ የሚቋረጥበት ጊዜ ስለነበረ፣ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ለጊዜው ተቋርጦ ስለነበር፣ የክፍል ምርጫ ከደኅንነት በታች መታየት አለበት። ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታና የሰዓት እላፊ ገደብ መኖሩን ከሹፌሮችና ከሚያርፍበት ሆቴል ይጠይቅ፤ የተሻለ ክፍል አገኛለሁ ብሎም በጨለማ አይገሥግስ።

ደረጃ 5፦ እያንዳንዱን ሰዓት እንደ ጠባዩ መጠቀም

ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት የሚደርስ እንግዳ የጸዳ ክፍል ባያገኝም ድልደላ ላይ ድምፅ አለው። ስለዚህ “አሁን ክፍል ስጡኝ” ከማለት ይልቅ “ዛሬ ከሚለቀቁት መካከል ጸጥ ያለው ይያዝልኝ” ብሎ መጠየቅ ይሻለዋል፤ ያኔውኑ ባዶ የሆነውን ክፍል አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ሌሎች ያልመረጡትን ነው።

ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ለአብዛኛው ተጓዥ ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም የቀደሙት እንግዶች ወጥተዋል፣ ክፍሎቹ ጸድተዋል፣ የማታዎቹ መንገደኞች ደግሞ ገና አልደረሱም። በዚህ ላይ የፈረንጆቹ የመግቢያ ሰዓት 14 ወይም 2 ሰዓት ተብሎ ሲጻፍ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑን ማስታወስ፣ በስልክ ሲነጋገሩም “በእኛ ሰዓት” ብሎ ማረጋገጥ ከብዙ ስሕተት ያድናል።

ከ12 ሰዓት በኋላ የሚደርስ ሰው ምርጫው ይጠብበታል። እርግጥ ነው፣ በትልልቅ ሆቴሎች ተራ ክፍሎች ካለቁ በኋላ የመጣ፣ ምዝገባው የጸና እንግዳ በዚያው ዋጋ የተሻለ ክፍል የሚሰጠው ጊዜ አለ። ነገር ግን ሆቴሎች ሳይመጡ የሚቀሩ እንግዶችን አስበው ካላቸው ክፍል በላይ ሊመዘግቡ ስለሚችሉ፣ ሁሉም ከመጣ ወደ ሌላ ሆቴል የሚሸኘው ዘግይቶ የደረሰው ነው። ስለዚህ መዘግየቱን ያወቀ ተጓዥ ኔትወርክ ከሚጠፋበት የተራራ መንገድ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ጋሸና ላይ ሳለ ደውሎ የሚደርስበትን ሰዓት ቢናገር ክፍሉ ይጠበቅለታል፤ ዘበኛውም በር እንዲከፍት ይነገረዋል።

ደረጃ 6፦ ቁልፉን ከመቀበል በፊት ክፍሉን ማየት

ሒሳብ ከመከፈሉ በፊት ክፍሉን ለማየት መጠየቅ በአገራችን ነውር የሌለው ልማድ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን የሌሊቱን እንቅልፍ ያስተካክላል። ተጓዡ በመጀመሪያ ቧንቧውን ከፍቶ ውሃው የሚመጣው ከመስመር ይሁን ከሮቶ ይጠይቅ፤ የሻወር ማሞቂያውን አብርቶ የሌሎቹን ነገሮች ምርመራ እስኪጨርስ ይተወው፤ በዚያ መካከል የበሩን ቁልፍ ከውስጥ ይቆልፍ፣ የመስኮቱን መስተዋት ይግፋ፣ ብርድ ልብሱን ገልጦ አንሶላውን ይይ፣ የስልኩን ቻርጀር ሶኬቱ ላይ ይሰካ። ወደ ሻወሩ ተመልሶ ውሃው ለብ ማለቱን በእጁ ካረጋገጠ በኋላ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ያዳምጥ፤ በመንገድ ዳር ቤቶች ጎዳናውን የሚያይ ክፍል የጭነት መኪና ድምፅ፣ ከግሮሰሪው በላይ ያለው ደግሞ የሙዚቃ ድምፅ ስለሚገባበት፣ ወደ ጓሮ የዞረው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

ይህ ምርመራ ከመድረሻ ሰዓት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ጉድለቱ በቀን ከታየ ሌላ ቁልፍ ይኖራል፤ በሌሊት ከታየ ግን እንግዳው ጋቢውን ደርቦ ከማደር በቀር መፍትሔ ላይኖረው ይችላል።

ደረጃ 7፦ ምርጫው ባይገኝ መነጋገር

የተጠየቀው ክፍል ካልተገኘ ተጓዡ በመጀመሪያ ጥያቄው ስምምነት የነበረ ወይም ምኞት ብቻ የነበረ መሆኑን ይለይ። ቀብድ የተከፈለበትና በመልእክት የተረጋገጠ ጉዳይ ከሆነ ማስረጃውን በእርጋታ አሳይቶ ከተረኛው ሠራተኛ አልፎ ኃላፊውን ማነጋገር፣ ተመጣጣኝ ክፍል ወይም የዋጋ ማስተካከያ መጠየቅ መብቱ ነው። ምኞት ብቻ ከነበረ ግን የተሰጠውን ተቀብሎ “ነገ የሚለቀቅ ካለ ልዛወር” ብሎ ማስመዝገብ የተሻለ ውጤት ያመጣል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሌሊት ለሚያድር ሰው የሁለተኛው ቀን ጠዋት እንደ አዲስ የመድረሻ ሰዓት ነው፤ እንዲያውም ሁሉንም ቀድሞ በቦታው ያለው እርሱ ነው።

የሠራተኛው በጎ ፈቃድም በዚህ ንግግር ድርሻ አለው። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በመጣው የጸጥታ ችግር እንግዳ ርቋቸው የቆዩት የላሊበላና የአካባቢው ሆቴሎች ሠራተኞች ለሚመጣላቸው እንግዳ የሚችሉትን ለማድረግ ምክንያት አላቸው። ከስንት ሰዓት መንገድ በኋላ የደከመ ተጓዥ ሰላምታን አስቀድሞ፣ “አባቴ”፣ “እኅቴ” ብሎ በአክብሮት ቢያስረዳ፣ በመዝገብ ላይ ያልተጻፈውን ክፍል ሊያስገኝለት ይችላል።

እንግዲህ ጉዳዩን በቅደም ተከተል ያሰበ ተጓዥ ቀኑን ይለያል፣ የግድ የሚያስፈልገውን በቀብድና በመልእክት ያጸናል፣ ቢቻል ከ6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርሳል፣ ካልቻለም ይደውላል፣ ክፍሉንም አይቶ ይቀበላል። አቅም የሌላቸውን፣ አረጋውያንንና ሕፃናትን ይዞ የሚጓዝ ሰው በተለይ ሁለተኛውን ተግባር ለሰዓት ዕድል መተው የለበትም፤ አውቶቡስ ሊዘገይ፣ በረራም ሊሰረዝ ይችላል፤ አስቀድሞ የተያዘው ምድር ቤት ግን የእናቱን ጉልበት ከደረጃ ያሳርፋል።